አበበን ያሮጠው በሶ ብቻ ነው?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሰሜን ሸዋው የጃቶ ልጅ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ደጋ ሯጭ ሲወራ በሶና አየር ብቻ ይወደሳሉ።

ግማሽ እውነት ነው። ገብስ ጉልበት ይሰጣል፤ ስስ አየርም ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ደም ግን ያለ ብረት ማዕድን፣ ጡንቻም ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ምስር፣ ጎመንና እንቁላል የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

አበበም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ድሉን የደገመው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐኪም ባይደርስለት ውድድሩ ቀርቶ ሕይወቱም ያሰጋ ነበር።

ዛሬ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ላይ ጦሙን ለሚሮጥ ታዳጊ የአበበን ስም ብቻ መንገር አይበቃም። ስም ምሳ አይሆንም።