ጀሶ፣ እርሳስና ፒክስል

ማሪዮ ሪዝ ያወጣው ለውበት አይደለም። በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሺገሩ ሚያሞቶ «ዶንኪ ኮንግ» የተሰኘውን ጌም ሲነድፍ ለባለታሪኩ የደረሰው ቦታ 16 በ16 ነጥብ (ፒክስል) ነበር። በዚያች ካሬ ውስጥ አፍ ቢሣል አይታይም። ስለዚህ ሚያሞቶ ትልቅ አፍንጫ ሠራለትና፣ አፍንጫው ከፊቱ ጋር እንዳይዋሐድ፣ ከሥሩ ጥቁር ሪዝ አኖረ። ሲዘል ፀጉሩን ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ስለነበር ኮፍያ ደፋለት። ክንዱ ሲወዛወዝ ከደረቱ ተለይቶ እንዲታይ ደግሞ ቱታ አለበሰው። ዛሬ የዓለም ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው መልክ እንዲህ ባለ ችግር የተወለደ ነው።

ሚያሞቶ ፕሮግራመር አልነበረም። ካናዛዋ በተባለችው ከተማ የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተምሮ በ1977 ኒንቴንዶ በተባለው የጃፓን ድርጅት የተቀጠረ የንድፍ ሰው ነው። በማሪዮ ላይ ያደረገውም ነገር የሥዕል አስተማሪዎች ለዘመናት ሲወተውቱ የኖሩት ነው፤ አንዱን ቅርጽ ከሌላው በብርሃንና በጥላ ለይ፣ የማይጠቅመውን ጣል። የጌም ታሪክ ሲነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ኮምፒውተሩ ጉልበት ነው። የእርሳሱ የዘር ሐረግ እምብዛም አይወሳም፤ እሱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ እጅግ ይቀድማል።

ሐረጉን ከብዙ ቦታ መምዘዝ ይቻላል፤ ፓሪስ ግን ጥሩ መነሻ ናት። ከ1866 እስከ 1871 ባሉት ዓመታት ጉፒል የተባለው አሳታሚ 197 የንድፍ ሰሌዳዎችን በድንጋይ ኅትመት አወጣ። ሠሪው ሻርል ባርግ፣ አጋሩ ደግሞ በዘመኑ ስሙ የገነነው ሠዓሊ ዣን ሊዮን ዤሮም ነበሩ። ትምህርቱ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ከጀሶ የተሠሩ የጥንት ሐውልቶች ቅጂ፣ ቀጥሎ የታላላቅ ሠዓሊዎች ንድፎች፣ በመጨረሻ ራቁቱን የቆመ ወንድ ሞዴል። ጀሶው የቀደመበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጀሶ አይንቀሳቀስም፣ አይደክመውም፣ ቀለሙም ነጭ ስለሆነ ጥላው ሳይደናገር ይነበባል።

ከእግር ሰሌዳዎቹ አንዱን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ዘዴው ወዲያው ይገባዋል። በአንድ ወገን እግሩ በጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ተከርክሞ ይታያል። ጣት ገና ጣት አልሆነም፤ ተረከዙም ማዕዘን ነው። በሌላው ወገን ያው እግር ጥላው ገብቶበት፣ ለስልሶ፣ ሥጋ ለብሶ ተቀምጧል። ተማሪው ከላይ ወደ ታች ቱንቢ እንደሚጥል ግንበኛ ቀጥታ መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያ የትኛው ጫፍ ከመስመሩ በምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል። ቀጥሎ የጥላውን ድንበር ያሰምራል። ማጥቆር የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ጥፍር በመሣል የጀመረ ተማሪ መጨረሻ ላይ እግሩ ጠሞ ያገኘዋል።

ቪንሰንት ቫን ጎ በ27 ዓመቱ ሠዓሊ ለመሆን ሲወስን እነዚህን ሰሌዳዎች ይዞ ተቀመጠ፤ በ1880ና በ1881 ደጋግሞ ገለበጣቸው። ፒካሶም በልጅነቱ ገልብጧቸዋል። ሁለቱም ኋላ የሄዱበት መንገድ ከባርግ ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም፤ ይህን ልብ ማለት ደግ ነው፤ መገልበጥ ፈጠራን ይገድላል የሚል ክርክር ዛሬም አልሞተምና።

ከዤሮም ተማሪዎች መካከል ጆርጅ ብሪጅማን የሚባል ካናዳዊ ነበር። ኒው ዮርክ ሄዶ «አርት ስቱደንትስ ሊግ» በተባለው ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት አስተማረ፤ በ1920 ደግሞ ስለ ሰውነት አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ብሪጅማን የሰውን ገላ እንደ ሦስት ሳጥን አየው። ራስ አንድ፣ ደረት አንድ፣ ዳሌ አንድ። ሳጥኖቹ አይለወጡም፤ የሚታጠፈውና የሚጠማዘዘው በመካከላቸው ያለው ነው። በሱ ሥር የተማረው አንድሩ ሉሚስ በ1939 ባወጣው መጽሐፍ ራስን ከኳስ ይጀምራል፤ የኳሱ ጎንና ጎን ይቆረጣል፣ የቅንድቡ መስመር ይዞራል፣ ከዚያ አገጩ ይንጠለጠላል። ዛሬ በኮምፒውተር የሦስት ገጽታ ቅርጽ የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን በሳጥንና በኳስ ሲጀምር ሳያውቀውም ቢሆን እነዚህን ሁለት ሰዎች እየተከተለ ነው።

(ሉሚስ ኑሮውንና ሥራውን ያደረገባት ቺካጎ ለኢትዮጵያም ድርሻ አላት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ሥዕል የተማሩት እዚያው ነበር።)

የንድፍ ትምህርት ከቆመ ምስል ወደሚንቀሳቀስ ምስል ከተሻገረባቸው ቦታዎች አንዱ የዋልት ዲዝኒ ቤት ነው። ዲዝኒ ሠዓሊዎቹ መሣል እንደማይችሉ፣ ቢያንስ እሱ ለሚያልመው ሥራ እንደማይበቁ፣ ገብቶት ነበር። አንዳንዶቹን ማታ ማታ በራሱ መኪና ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ሹናርድ የጥበብ ትምህርት ቤት ያመላልሳቸው ነበር። በ1932 አስተማሪው ዶን ግራሃም ራሱ ወደ ስቱዲዮው መጥቶ ማስተማር ጀመረ። አይጥና ዳክዬ ለሚሥሉ ሰዎች ራቁት ሞዴል ማቆም ብዙዎችን ያሳቀ ነገር ነው። ሳቁ ግን በ1937 «በረዷማዋ ልዕልት» ከሰባቱ ድንኮቿ ጋር ሲኒማ ቤት ስትገባ አበቃ። «ባምቢ» ለተሰኘው ፊልም ደግሞ የአጋዘን ግልገሎች ስቱዲዮው ድረስ መጥተው ሠዓሊዎቹ አረማመዳቸውን እያዩ ነደፉ።

ጃፓን ውስጥ ይህ የአኒሜሽን ሙያ ወደ ጌም የተሻገረው በቀጥታ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሥራ ቀይረው ገቡ። ዮኢቺ ኮታቤ በቶኪዮ የጥበብ ዩኒቨርሲቲ የጃፓን ባህላዊ ሥዕል ተማረ፤ በ1959 ቶኤይ በተባለው የአኒሜሽን ድርጅት ተቀጠረ፤ በ1974 «ሃይዲ» ለተሰኘው ተከታታይ ካርቱን የባለታሪኮቹን መልክ አወጣ። በ1985 ኒንቴንዶ ገባ። በዚያን ጊዜ ማሪዮና ባላንጣው ባውዘር በስክሪኑ ላይ ጥቂት ባለቀለም ካሬዎች ነበሩ፤ በጌሙ ሣጥንና በመምሪያ መጽሐፉ ላይ ሙሉ ሰውነት እንዲያገኙ ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደሙ ኮታቤ ነው።

የካዙኮ ሺቡያ ሥራ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። እሷም ከአኒሜሽን የመጣች ናት፤ በ1986 ስኩዌር የተባለ የጌም ድርጅት ገባች። በ1987 ለወጣው «ፋይናል ፋንታሲ» ዮሺታካ አማኖ በውሃ ቀለም ያፈሰሳቸው ቀጫጭን፣ ጨርቃቸው በነፋስ የሚበር ሰዎች ቀረቡ። ሺቡያ ያንን ሁሉ ልብስና ፀጉር በ16 በ16 ነጥብና በጥቂት ቀለማት ማስፈር ነበረባት። በነጥብ የመሣል ሙያ ከባዱ ክፍል ይኸው ነው፤ አንዲት ነጥብ በአንድ እርምጃ ብትዛወር ዐይን አፍንጫ ይሆናል። እጇ ንድፍ ባይለምድ ኖሮ የትኛውን ትታ የትኛውን እንደምታስቀር ማን ይነግራት ነበር?

አቋራጭ መንገድም አለ፤ መኮረጅ። አሜሪካዊው ጆርዳን መክነር ሰው ሲሮጥ በልቡ መሣል እንደማይችል ያውቅ ነበር። በ1985 ነጭ ልብስ የለበሰ ወንድሙን በመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸው። ቪዲዮውን እያቆመ ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሣ፤ የፎቶውን ሰውዬ በጥቁር ማርከርና በነጭ ማጥፊያ ቀለም ከዙሪያው ለየው፤ ፎቶኮፒ አድርጎ ወደ አፕል ኮምፒውተሩ አስገባው። በ1989 የወጣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» እንደ ሰው የሚንገዳገድና ገደል አፋፍ የሚንጠለጠል ልዑል ይዞ መጣ። ዘዴው አዲስ አይደለም። ማክስ ፍላይሸር የተባለው የካርቱን ሰው ለመሰል መሣሪያ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1917 ነው። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ፍርዱ እንዲህ ቢሆን ያስኬዳል፤ መኮረጅ እንቅስቃሴውን ሊሰጥ ይችላል፤ የትኛው አቋም እንዲቀር የሚመርጠው ግን የሠዓሊው ዐይን ነው።

በ1993 ሦስት ገጽታ ያለው የሚመስለው «ዱም» የተሰኘ ጌም ሲወጣ ሥዕል ያበቃለት ሊመስል ይችል ነበር። የሚገርመው ከዱም ጭራቆች አንዳንዶቹ በሸክላ ጭቃ ተቀርጸው፣ ከስምንት አቅጣጫ በካሜራ ተወስደው የገቡ መሆናቸው ነው። በዚያው ዓመት ሴጋ የተባለው የጌም ድርጅት «ቨርቹዋ ፋይተር»ን ይዞ ወጣ፤ ተፋላሚዎቹ በጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠሙ፣ ከብሪጅማን ሳጥኖች ብዙም ያልራቁ ነበሩ። ገጾቹ ጥቂት በነበሩበት በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ቅርጹ የጎደለውን ብርሃንና ጥላ ሠዓሊው በእጁ ቀብቶ ይሞላው ነበር። በ2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ድንጋዩም ብረቱም እንዲህ በእጅ የተቀባ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠነክር ደግሞ ዚብራሽን የመሰሉ የቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌሮች መጥተው ባለሙያውን ወደ ቀራፂነት መለሱት፤ ጡንቻ ከየት ተነሥቶ የት አጥንት ላይ እንደሚያያዝ የማያውቅ ሰው የሚቀርጸው ትከሻ የተነፋ ከረጢት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሲባል የጀሶው ትምህርት ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ባርግን ብቻ ሲገለብጥ የኖረ ተማሪ ፊቱ ያለውን ነገር አሣምሮ ይሥላል፤ የሌለውን ፍጠር ሲሉት ግን ይደነግጣል። ጌም ደግሞ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ የሌለውን ነው። የጌም ነዳፊው ዩጂ ሆሪኢ ለ1986ቱ «ድራጎን ክዌስት» ስላይም የተባለ ጭራቅ እንደ ዝልግልግ ክምር አድርጎ ሞነጫጭሮ ሰጥቶ ነበር፤ ሠዓሊው አኪራ ቶሪያማ ያንን ወስዶ ፈገግ ያለች የውሃ ጠብታ አደረገው። እንዲህ ያለውን ነገር ከጀሶ እግር መማር አይቻልም። ስለዚህ የብሪጅማን ሳጥንና የሉሚስ ኳስ ለጌም ሠዓሊ ከባርግ ሰሌዳ ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ ሞዴል በሌለበት ሰውን አዙሮ ለማየት የሚያስችሉት እነሱ ናቸውና።

እርሳሱ ራሱም ከጌም ዓለም አልጠፋም፤ በ2017 ሁለት ካናዳውያን ወንድማማቾች፣ ቻድና ጃረድ ሞልደንሃወር፣ «ካፕሄድ» የተሰኘውን ጌም አወጡ። እንቅስቃሴው በእርሳስ ወረቀት ላይ ተነድፎ በቀለም የተሰመረ፣ ጀርባው በውሃ ቀለም የተሣለ፣ መልኩም የእነ ፍላይሸርን የ1930ዎቹ ካርቱን የተከተለ ነው። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ገበያው ላይ ግን በሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

መጀመር ለሚፈልግ ወጣት መንገዱ ዝግ አይደለም። የባርግ ሰሌዳዎች በ2003 ተሰብስበው እንደገና ታትመዋል፤ የሉሚስ መጻሕፍትም ከ2011 ጀምሮ ዳግም ገበያ ላይ ውለዋል። ከሉሚስ ኳስ ይጀምር፤ የባርግን እግርና እጅ ጎን ለጎን ይገልብጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ላጲስና ወረቀት ነው፤ የኮምፒውተሩ ታብሌት ከዚያ በኋላ ቢገዛ ይደርሳል።