የድሮ ኮምፒውተር በካሜራ ካርድ ሲነሳ

በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ኮምፒውተር ዛሬ አቧራውን አራግፋችሁ ብታበሩት፣ መጀመሪያ ከሚያስቸግሯችሁ ነገሮች አንዱ ሃርድ ዲስኩ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩም ሆነ ሜሞሪው የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ግን በደቂቃ 3,600 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ሳህን፣ ሳህኑን ሊነካ ለጥቂት ከላዩ የሚንሳፈፍ የማንበቢያ ጭንቅላት፣ ሞተርና ኩሽኔታ አሉ። ዓመታት ሲያልፉ የኩሽኔታው ቅባት ይደርቃል፣ ጭንቅላቱ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሞተሩም አልነሳ ይላል።

ታዲያ የእነዚህ ማሽኖች ወዳጆች ምን ያደርጋሉ? በሞተው ዲስክ ቦታ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ይሰካሉ። አዎ፣ ያ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ የምናውቀው የፎቶ ካርድ! ኮምፒውተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ለመሆኑ ይህ ካርድ በዕድሜ የሚበልጠውን ኮምፒውተር እንዴት ሊያናግር ቻለ? መልሱ በተለያየ ጊዜ የተወሰኑ ሁለት የምህንድስና ውሳኔዎች ውስጥ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ መቆጣጠሪያው ወደ ዲስኩ ሲዛወር

አይቢኤም በ1983 ያወጣው ፒሲ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። ያ ዲስክ በራሱ ብዙ አያውቅም። «ጭንቅላትህን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባ» እያለ የሚያዘው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካ ሌላ የመቆጣጠሪያ ካርድ ነበር። ስለዚህ ዲስኩና ካርዱ የግድ መስማማት ነበረባቸው፤ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው ራስ ምታት ነው።

በ1986 አካባቢ ዌስተርን ዲጂታል፣ ኮምፓክና ኮንትሮል ዳታ የተባሉት ኩባንያዎች መቆጣጠሪያውን ዲስኩ ራሱ ላይ አደረጉት። አይዲኢ የምንለው ይህንን ነው፤ በኋላ ኤቲኤ በሚል ስም ደረጃ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ የሚለው «ይሄን ሴክተር ስጠኝ» ብቻ ሆነ። ሴክተር ማለት 512 ባይት የሚይዝ የዲስክ ቁራጭ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ ሽሮ ስታዙ፣ ወጥ ቤቷ በከሰል ትሥራው በኤሌክትሪክ አትጠይቁም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ከሽቦው ማዶ ያለው የሚሽከረከር ሳህን ይሁን ሌላ ነገር፣ የታዘዘው ሴክተር እስከመጣለት ድረስ ለኮምፒውተሩ ልዩነት የለውም።

ሁለተኛው ውሳኔ፦ የቆየውን ቋንቋ መናገር

ፍላሽ ሜሞሪን በ1984 ለዓለም ያስተዋወቀው በቶሺባ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ፍላሽ መብራት ሲጠፋ የያዘውን አይረሳም፤ የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ሳንዲስክ በ1994 ኮምፓክት ፍላሽን ሲያወጣ፣ 43 በ36 ሚሊሜትር ገደማ በሆነች ካርድ ውስጥ ከሜሞሪው ጋር መቆጣጠሪያም አስገባ። ይህ መቆጣጠሪያ አዲስ ቋንቋ አልፈጠረም፤ ኮምፒውተሮች ቀድመው የሚያውቁትን ኤቲኤን ይናገራል። ካርዱ 50 መገናኛ ነጥቦች አሉት። ኃይል ሲያገኝ 9ኛው ነጥብ ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ ከጠበቀው፣ ካርዱ ሙሉ በሙሉ እንደ አይዲኢ ዲስክ ይሠራል።

በዚህ ምክንያት አዳፕተሩ ተርጓሚ ቺፕ አያስፈልገውም። የካርዱን 50 ነጥቦች ከዴስክቶፑ 40 ወይም ከላፕቶፑ 44 ፒን ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ነው ማለት ይቻላል።

በተግባርስ?

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለት ግን አይደለም። የዚያ ዘመን ባዮስ ብዙውን ጊዜ ከ1,024 ሲሊንደር፣ ከ16 ጭንቅላትና ከ63 ሴክተር በላይ መቁጠር አይችልም። እስቲ አባዙት፤ ሴክተሩ 512 ባይት ስለሆነ ውጤቱ 528 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። 32 ጊጋባይት ካርድ ብትሰኩበት ትርፉን አያየውም፤ አንዳንዱማ ጭራሽ ግራ ይጋባል። እዚህ ላይ ትንሽ ካርድ ነው የሚመረጠው። እንደ ፒሲ ኤክስቲ ያሉት ደግሞ ሲሠሩ አይዲኢ ስላልነበራቸው፣ የራሱን ባዮስ የያዘ ተጨማሪ ካርድ ይፈልጋሉ።

ዕድሜውስ? ፍላሽ ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበት መጠን የተወሰነ ነው። ዶስ ብዙ ስለማይጽፍ ያን ያህል አያሳስብም። ዊንዶውስ ግን ሜሞሪ ሲያንሰው ዲስኩን እንደ ሜሞሪ እየተጠቀመ ደጋግሞ ስለሚጽፍበት ካርዱን ቶሎ ያደክመዋል።

እኛን ምን አገባን?

«ይሄማ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ነገር አስቡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የጋራ ቁጥር ስላልነበራቸው ለ«ሀ»ም ለ«ለ»ም የየራሳቸውን ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ የ1990ዎቹን መጀመሪያ የአማርኛ ጽሑፍ ለማንበብ ፋይሉ ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈበት ፕሮግራምና ፎንቱም ያስፈልጋሉ። ሦስቱም እዚያው አንድ ዲስክ ላይ ከሆኑ፣ ዲስኩ ሲሞት ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

እናም ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ዲስኩ ገና የሚሽከረከር ከሆነ፣ መጀመሪያ ባዮሱ ላይ የተመዘገቡትን የሲሊንደር፣ የጭንቅላትና የሴክተር ቁጥሮች ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ አንዳንዱ ዲስክ ላይ ታትመውም ይገኛሉ። ቀጥሎ ፋይል መምረጥ ውስጥ ሳትገቡ፣ ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ ቅዱት። ከዚያ ቅጂውን ኮምፓክት ፍላሽ ላይ አስፍራችሁ፣ በነዚያው ቁጥሮች ኮምፒውተሩን አስነሱ። ካርዱን መልሳችሁ ነቅላችሁ በዩኤስቢ ካርድ ማንበቢያ ዛሬ ከምትጠቀሙበት ላፕቶፕ ጋር ማገናኘትም ትችላላችሁ፤ ከድሮው ማሽን ፋይል ለማውጣት ከዚህ የቀለለ መንገድ ብዙ የለም።

መሥሪያ ቤታችሁ መጋዘን ውስጥ ወይም ዘመድ ቤት አልጋ ሥር እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካለ፣ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ ዲስኩን አስቀሩት።