የእንሰት ጓሮና የሙዝ እርሻ

በኮልፌ ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ነው። ኮልፌ ራሷ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ስለ ሆነች ለሙዝ አትመችም፤ በጓሮዎቿ የሚታየው የሙዝ ዘመድ እንሰት ነው። ስለ መስኖና ስለ አፈር እርጥበት በውጭ አገር ተምሬ በተመለስሁ ጊዜ፣ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት የእንሰቱን ደረቅ ቅጠልና ፍግ በግንዱ ዙሪያ ሲነጥፉ አየሁ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ምድሪቱ እንዳትጠማ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ዓመታት የደከምሁበት ትምህርት በአንድ ቃል ስለ ተጠቃለለ ጥቂት አፈርሁ።

ጉዝጓዝ ስል ቡና ሲፈላ የሚነሰነሰውን ሣር ማለቴ አይደለም፤ የአፈርን እርጥበት ፀሐይ እንዳይመጠው የሚያለብሱትን ቅጠልና አገዳ ማለቴ ነው። የመስኖ ታሪካችን ሲጻፍ በግድብና በቦይ ይጀመራል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. መጠናቀቁ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም. መቋቋሙ ተደጋግሞ ይነገራል፤ ይገባልም። ጉዝጓዝ ግን በስብሶ አፈር ስለሚሆን ለታሪክ ጸሐፊ ምልክት አይተውለትም። በኮንሶ እንኳ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የድንጋይ እርከን ሲደነቅ፣ በእርከኑ ላይ የሚቀረውን የማሽላ አገዳ ጐብኚ ሁሉ አያስተውለውም።

የጋሞ ደገኞች በዶርዜና በጨንቻ ከፍታ ላይ በእንሰትና በገብስ ይኖሩ ነበር፤ ቆላውን ስለ ወባ ይፈሩት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ከገበሬውም ከፊሉ ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ወረደ። በላንቴና በጫኖ ቀበሌዎች ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ አስቀድሞ በቆሎና ጥጥ፣ ኋላም ሙዝ ተተከለ። እንሰትን ሲንከባከብ የኖረ እጅ፣ ይልቁንም የሴቶች እጅ፣ ለሙዝ እንግዳ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ሙዝ በሞቃትና በደረቅ አገር በዓመት እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል፤ የአርባ ምንጭ ዝናብ ግን የዚህን እኩሌታ አይሞላም። የጐደለው ከወንዝ ይመጣል። ሥሩም ወደ ጥልቁ ስለማይወርድ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ወዲያው ይጠወልጋል። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ቢይዝ ከታች ያለው ተራውን ይጠብቃል፤ ጠብም ከዚህ ይነሣል። ውኃ ማብዛትም መድኃኒት አይደለም፤ በመካከለኛው አዋሽ በመልካ ሰዲ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ መሬቱን በጨው ጐድቶታል።

ስለዚህ ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ ግንዱንና ቅጠሉን በመደዳው መካከል የሚነጥፍ ገበሬ ተራው እስኪደርስ ድረስ እርጥበቱን ያቆያል፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ብቻ ከግንዱ ጥቂት ያርቀዋል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ያንኑ ቅጠልና አገዳ ከብቱም ይፈልገዋል፤ በበጋ መኖ ሲጠፋ ደግሞ የሚቀድመው ከብቱ ነው።