ዕቃው የማን ነበር?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሞንታርቦን ያውቃል። ሠርግ ሲኖር ከድንኳኑ አጠገብ ተገትሮ የጎረቤቱን መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ጥቁር ሣጥን ነው። ቃሉ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው፤ ኦሞ የዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ሆኖ እንደቀረው፣ ሞንታርቦም የሌላ ፋብሪካ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር የሚጠራበት ሆነ።

የመድረክ ታሪካችን ሲወሳ ማን ዘፈነ፣ ማን ግጥም ሰጠ፣ ማን አቀናበረ ይባላል። ዕቃው የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። መድረኩ የማን እንደነበር የሚነግረን ግን ይሄው ጥያቄ ነው።

አዝማሪ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ማሲንቆውን አንግቶ ይመጣል፣ ተጫውቶ አንግቶ ይሄዳል። ነገሩ የተለወጠው ነሐስ ሲመጣ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ጥሩምባና ትሮምቦን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሜዳ ላይም ቢነፋ ከሩቅ ይሰማል። ዋጋው ግን አንድ ተጫዋች ከኪሱ የሚከፍለው አልነበረም። ስለዚህ መሣሪያው የመንግሥት፣ ተጫዋቹም የመሣሪያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣውም በዚሁ መንገድ ሄደ። የሀገር ፍቅር ማኅበር የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊቱም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ብዙው ደግሞ ወታደር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ። ሳክስፎኑ ንብረት ክፍል የተመዘገበ ነው። ማታ ማታ ሌላ ቤት ሄዶ መጫወት የሚያስቀጣ ጥፋት ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ተደብቀውም ቢሆን ከመሄድ አልቦዘኑም። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍም የክቡር ዘበኛው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ የታሰረው የጠንሳሾቹ ክፍል ባልደረባ ስለነበር ነው።

ሆቴሎችና የምሽት ክለቦች የራሳቸውን ባንድ ማቆም ሲጀምሩ ጌታው ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም፤ አሁን ዕቃው የባለ ሆቴሉ ሆነ። ከዚህ ቀንበር ለመውጣት ገንዘቡን አዋጥቶ የራሱን መሣሪያ የገዛው ዋሊያስ ባንድ ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ሸክላ ያላነሰ የታሪክ ምዕራፍ ነው። ዕቃ ያለው ባንድ ይዋዋላል፤ ዕቃ የሌለው ይቀጠራል።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ሂልተን ዋሊያስን ሊሰማ የገባ ሰው ሌሊት መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም እዚያው ነው። አንድ ዝግጅት ማለት እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የጋለ ማጉያ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተዘረጋ ኬብል ማለት ነበር።

የዚያ ዘመን ልማድ ዛሬም በአንጋፋ ሳውንድ ማኖች እጅ ላይ ይታያል። ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ ሚክሰር አያስነኩትም፤ ኬብል ያስጠቀልሉታል። ልጁ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በክርኑና በመዳፉ መካከል ይጠመጥመዋል። ጋሼ ይቀበለዋል። በግራ እጁ ይዞ በቀኙ አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን ገልብጦ በታች እያለ ይደራርበዋል። ሲጨርስ አንዱን ጫፍ ይዞ ቢወረውረው አንድ ቋጠሮ ሳይሠራ መድረኩ ላይ ይዘረጋል። በክርን የተጠመጠመ ኬብል በየዙሩ ይጠመዘዛል፤ ውስጡ ያለው ቀጭን የመዳብ ክር ይደክማል፤ አንድ ቀን ዘፋኙ ዜማው መሀል ላይ እያለ ማይኩ ጭጭ ይላል። በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ይዞ የሠራ ሰው ይህን አይረሳም።

ቀጥሎ የኪቦርድ ዘመን መጣ፤ ብዙ ቦታ ባንዱ ሁሉ በአንድ ሰው ጣቶች ተተካ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ገዘፈ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት በመስቀል አደባባይ ተከበረ። በ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ ብላክ አይድ ፒስንና ቢዮንሴን አስተናገደ።

ዋሊያሶች ግን አዲስ አበባ አልቀሩም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ በልጅነቱ የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ክፍል የተቀላቀለው ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ለብቻው ተጫውቶ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያ ታክሲ መንዳት ያዘ። ካሴቱ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረኮች እስኪመልሰው ድረስ፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከታክሲው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ኪቦርዱ የራሱ ነው።