ስልሳ የሥራ ቀን ሁለት ወር ነው?

በቃሊቲ ፋብሪካዎች በር ላይ ሥራ የሚጠባበቁ ወጣቶች «ፕሮቤሽን ሁለት ወር ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ። ፕሮቤሽን መሠረቱ ላቲን ነው፤ መፈተን፣ መመርመር ማለት ነው። እኛ ግን «የሙከራ ጊዜ» የሚል ያማረ ስም አለን፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የሚለው ይህንኑ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሁለት ወር» የምትለዋ ናት። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 377/1996፣ ጣሪያውን 45 ተከታታይ ቀናት አድርጎት ነበር። አዋጅ 1156/2011 ደግሞ 60 የሥራ ቀናት አለ። «ተከታታይ» እሑድንም በዓልንም ይቆጥራል፤ «የሥራ» ሁለቱንም ይዘላል። ስለዚህ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60ው ቀን 10 ሳምንት ነው፤ 70 ቀን መሆኑ ነው። ነሐሴ 1 ሥራ የጀመረች ልጅ መስከረም ሲያልቅ ሙከራውን የጨረሰች ይመስላታል። ጳጉሜን ቢቆጠርላትም እንቁጣጣሽና መስቀል ስለማይቆጠሩ ጊዜው ጥቅምት 5ን ያልፋል። በእነዚያ ቀናት አሠሪው «ለሥራው አልተስማማችም» ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብታት ይችላል።

ችግሩ «ቀን» ብዙ ሸክም መሸከሙ ነው፦ የሌሊት ተቃራኒም ነው፣ ሙሉ 24 ሰዓትም ነው፣ የሥራ ውሎም ነው። እኔ በተከታታይ ለሚቆጠረው «ዕለት» እንበል ባይ ነኝ፤ ለሌላው «የሥራ ቀን» ሳይቆረጥ ይጻፍ። ውሉ ላይም ሙከራው የሚያበቃበት ዕለት ከነወሩ ቢሰፍር ሠራተኛዋ በጣቷ መቁጠር አያስፈልጋትም።