«ቶማስ እና ቢውላ»፣ የሪታ ዳቭ የግጥም መጽሐፍ
የመጀመሪያ እትም፣ 1986
በወረቀት ላይ የታተመ
ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ ፒትስበርግ፣ አሜሪካ
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

መጽሐፉ የገጣሚዋን የእናት ወላጆች ሕይወት መነሻ ያደረገ ነው። የሴት አያታቸው ስም ተቀይሯል። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፦ መጀመሪያ የባልየው ወገን፣ ቀጥሎ የሚስትየዋ። የትዳሩን አንድ ታሪክ ሁለቱም በየፊናቸው ስለሚያዩት፣ አንባቢው ግጥሞቹን እየዘለለ ሳይሆን በተርታ እንዲያነብ ከፊት ገጾች ላይ ማሳሰቢያ ሰፍሯል።

መጨረሻው ላይ ከ1900 እስከ 1969 የሚዘልቅ የዘመን ሰንጠረዥ አለ፤ ከገጣሚ ይልቅ የታሪክ መምህር ያዘጋጀው ይመስላል። ልደትና ሠርግ በጎማ ፋብሪካዎቿ ከምትታወቀው ከአክሮን ከተማ ክንውኖች ጋር ተደባልቀው ተመዝግበዋል፤ በ1929 የተሠራው ግዙፉ የዜፔሊን (የአየር መርከብ) ሃንጋር አንዱ ነው።

ዳቭ በ1952 የተወለዱት በዚያችው በአክሮን፣ ኦሃዮ ነው። አባታቸው የጎማ ኩባንያ ኬሚስት ነበሩ። በ1987 መጽሐፉ የፑሊትዘር ሽልማት ሲያገኝ እሳቸው በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በግጥም ዘርፍ ከግዌንደሊን ብሩክስ (1950) ቀጥሎ ለሽልማቱ የበቁ ሁለተኛዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ናቸው። በ1989 ወደ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ ከ1993 እስከ 1995 የአሜሪካ ሎሬት ባለቅኔ ሆነው አገልግለዋል።