የአንበሳ ቀለብ በካርቱም

ጃንዋሪ 2020 ላይ ካርቱም ዳቦ ለመግዛት ገና ሳይነጋ የምንሰለፍበት ጊዜ ነበር። ቤንዚን የለም። ዶላሩ በየቀኑ ይወጣል፣ ዕቃችንን ሸጠን ጊኔውን ቆጥረን እስክንጨርስ ዋጋው ወርዶ ይጠብቀናል። በዚያ ሰሞን የሁላችንም ስልክ ላይ አንድ ፎቶ መጣ፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር አንበሳ። ቦታው አል ቁረሺ መናፈሻ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፣ የሱዳን ሒሳባችን በዚያ ስለተያዘ።)

ፎቶውን ያሰራጨው ዑስማን ሳሊህ የሚባል የካርቱም ሰው ነው። አንበሶቹ አምስት ነበሩ። መናፈሻው በከተማው አስተዳደርና በከፊል በሰዎች መዋጮ የሚተዳደር ስለነበር፣ ገንዘቡ ሲደርቅ ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ሥጋ ይገዙ እንደነበር ተነገረ። አንዳንዶቹ አንበሶች ከክብደታቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጥተዋል። አንዷ እንስት ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። ሰዉ ሥጋና መድኃኒት ይዞ መጣ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ፎር ፖውስ የሚባለው ድርጅት በዶክተር አሚር ኻሊል የሚመራ የሐኪሞች ቡድን ላከ። የተራበን እንስሳ በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድለው እንደሚችል ያኔ ብዙ ሰው ተማረ። ሰውነቱ ረሃቡን ለምዶታል፣ ድንገት ሲጠግብ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ሥጋው በትንሽ በትንሹ። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያዩ እናቶቻችን ይህን ያለ ሐኪም ያውቁታል።

ከተረፉት አንዷ ካንዳካ ተባለች፤ በአብዮቱ ጊዜ አደባባይ ለወጡት ሴቶች የተሰጠው ስም ነው። እኛ ግን ነጋዴዎች ነንና፣ ካለቀስን በኋላ የመጣብን ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነው። የዚህ አንበሳ ቀለብ በማን መዝገብ ላይ ነበር የተያዘው?

ወደ ኋላ ሄደን ስናይ ጥያቄው ከካርቱም ከተማ ጋር እኩል ያረጀ ነው። ካርቱም ገና የግብፅ ጦር የሰፈረባት አዲስ መንደር ሳለች፣ በ1824፣ በሰናር በኩል ሁለት ግልገል ቀጭኔዎች ተያዙ። በግመል ተጭነው፣ ከዚያ በጀልባ በዓባይ ወርደው እስክንድርያ ደረሱ። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ አንዷን ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሌላዋን ለእንግሊዝ ንጉሥ ላከ። የእንግሊዟ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የፈረንሳይዋ በመርከብ ስትሄድ አንገቷ የሚወጣበት ቀዳዳ በመርከቡ ወለል ላይ ተበጀላት፤ ማርሴይ ከደረሰች በኋላ ደግሞ በ1827 ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ሄዳ ፓሪስ ገባች። እስከ 1845 ኖራለች። ልብ ያልነው ግን ሌላ ነገር ነው። አብረዋት ላሞች ተጉዘዋል፣ በቀን 25 ሊትር ያህል ወተት የምትጠጣው ከነሱ ነበር። የላካት ሰው ለስጦታው ብቻ ሳይሆን ለቀለቡም አስቦ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ንግድ ከዚያ በኋላ መጣ፣ መናኸሪያውም ከሰላ ነበረች። ሎሬንዞ ካዛኖቫ የሚባል ጣሊያናዊ በ1870 ከከሰላ እስከ ሱዋኪን በረሃውን አቋርጦ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ ጅብና የአንበሳ ደቦል ይዞ ስዊዝ ደረሰ። ተቀባዩ የሐምቡርጉ ካርል ሐገንቤክ ነበር፣ በዘመኑ ከሁሉ የገነነው የአውሬ ነጋዴ። ካዛኖቫ በዚያው ጉዞ ታሞ ግብፅ ውስጥ ሞተ። ለግልገሎቹ ወተት የሚታለቡ ብዙ ፍየሎች አብረው ይነዱ ነበር፣ ወተታቸው የደረቀባቸው እየታረዱ ለሥጋ በሎቹ ይሰጣሉ። የዚህ ንግድ ኪሳራ ግን ሒሳብ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ያደገ ዝሆን ተጎትቶ አይሄድም፣ ግልገሉን ለመውሰድ እናቲቱ ትገደላለች። ከተያዙትም ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

የአዳኞቹ አገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ተከዜያችን ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል። በ1861 እዚያ የተጓዘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር፣ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ሲያድኑ አይቶ ጽፏል። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ያባብለዋል፣ ሌላው ከኋላ መጥቶ የእግሩን ጅማት ይቆርጣል።

የማህዲ ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ሐገንቤክም ፊቱን ወደ ሌላ አገር አዞረ። በኋላ ካርቱምም እንደ ስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ያለ የራሷ የእንስሳት ማቆያ ነበራት። በ1990ዎቹ ተዘጋ፤ ቦታው ላይ ዛሬ ያለው በሊቢያ ገንዘብ የተሠራው፣ ሰዉ የጋዳፊ እንቁላል የሚለው ሆቴል ነው። ሱዳን ከሚባለው አውራሪስ ታሪክም አንድ ቃል እናንሳ። በ1975 ያኔ ደቡብ ሱዳን ከነበረችው ሻምቤ ግልገል ሆኖ ተይዞ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተወሰደ፣ በ2018 ኬንያ ውስጥ ሲሞት የሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ የመጨረሻው ወንድ ነበር።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ሥራ በጀመርንበት ዘመን፣ ለሠርግ ብሎ የነብር ቆዳ መርኩብ ከኦምዱርማን እንድናመጣለት የለመነን ሰው ነበር። ሁለት ጥንድ አመጣን። ጥሩ አተረፍንበት፤ ቆዳው ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም።

አሁን የምንጠይቀው በዲንደርና በአላጣሽ ምክንያት ነው። ዲንደር በ1935 የተከለለ የሱዳን ፓርክ ሲሆን አላጣሽ ደግሞ ድንበር አዋሳኙ የቋራ ፓርካችን ነው፣ በ2006 የተከለለ። በ2016 ዶክተር ሐንስ ባወርና ባልደረቦቹ አላጣሽ ውስጥ ካሜራ አጥምደው አንበሳ ፎቶ አነሱ፤ ዱካም አገኙ። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ገመቱ። የቋራ ሰው ግን በዚህ አልተደነቀም፣ ሌሊት ሲያገሣ ይሰማዋላ። በበጋ አውሬው ማያ በሚባሉት የዲንደር ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባል፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው ይጨቀይና ይበተናል። ከገላባት ገዳሪፍ ያለውን የክረምት ጭቃ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። እነዚህ አንበሶች ሥጋ ግዙልን አይሉም። የሚያስወጡት ወጪ አንድ ነው፣ መሬት። መሬቱን ደግሞ ከሁለቱም ወገን ከብትና የሰሊጥ እርሻ እየገፋው ነው፤ ሰሊጡን የምንገዛው እኛ ነን።

ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከነሕይወታቸው የተያዙ አዞዎች፣ እባቦች፣ ኤሊዎችና ወፎች ነበሩ። ጠባቂዎቹ በተኩሱ ምክንያት ሊደርሱላቸው አልቻሉም፣ ውሃና ምግብ የሚሰጣቸው ጠፋ። እኛ ሱቃችንን ዘግተን፣ ቁልፉን ለጎረቤት ትተን በገላባት በኩል መተማ ገባን። ዑስማን ሳሊህ ከካርቱም ደቡብ አቋቁሞት የነበረው የእንስሳት ማዳኛም በጦርነቱ መካከል ቀረ። አንበሶቹን በተኩስ መሃል ማውጣት የተቻለው በኖቬምበር ነው፤ ዜናውን ሸኸዲ ቡና ላይ ሆነን ሰማን። ቁልፋችን አሁንም እዚያው ጎረቤት ዘንድ ነው።

ዘንድሮ ሰሊጥ ስንገዛ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ እንጠይቃለን። ሻጮቹ ይገርማቸዋል፣ ቀረጥ የምንሰልል የሚመስላቸውም አሉ። አንዳንዱ «ከቋራ ነው እንግዲህ፣ ከቋራ ወዲያ ደግሞ ምን አለ?» ይለንና ሚዛኑን ያስተካክላል።